ቆጣሪ አንድ ቁጥር ሲልክ ምኑ ነው ፈጠራ? ስለ «ጥቂት ዳታ» ፓተንቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የርዕሱ ጥያቄ በተለያየ መልክ ይመጣብኛል። የዋህ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን ጠበቆችና መሐንዲሶች ለዓመታት የሚሟገቱበት እሱ ራሱ ነው፦ ትንሽ ዳታ በአጭር መንገድ የመላክ መላ ፓተንት፣ ማለትም ለፈጣሪው የሚሰጥ የብቻ መብት፣ ይገባዋል ወይስ ግልጽ ነገር ነው? ክርክሩ በብዛት ያለው አሜሪካ ስለሆነ ከዚያ እነሳለሁ። መጨረሻ ላይ አውሮፓንና የኛን አዋጅ ጠቀስ አደርጋለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

«ጥቂት ዳታ» ማለት ምንድን ነው?

ስልክ፣ ሰዓት ወይም ሴንሰር ሙሉ ግንኙነት ሳይከፍት የሚልከው ትንሽ መልእክት ነው። የውኃ ቆጣሪ ንባብ አንዱ ነው። ቴሌግራም ከጀርባ ሆኖ በየጊዜው «አለሁ» የሚላት ምልክትም ያው ነች።

ነገሩ የሰላምታ ጣጣ ነው። ሁለት ሐበሾች መንገድ ላይ ሲገናኙ ታውቁታላችሁ። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ልጆች እንዴት ናቸው? እማማስ ተሻላቸው?» ጉዳዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጉዳዩ ደግሞ «ቁልፉን ስጠኝ» ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሞባይል ኔትወርክም እንደዚሁ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ «እዚህ ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል። ታወሩ ይመልስለታል። መሣሪያው ስሙን ጠርቶ ግንኙነት ይጠይቃል፤ ይህ ሦስተኛው መልእክት ነው፣ ኋላ ስለምንመለስበት ያዙልኝ። ታወሩ ይፈቅዳል። ምስጢር መጠበቂያው ይስተካከላል፣ መስመር ይዘረጋል። ዳታው የሚሄደው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ መስመሩን መዝጋት አለ። ሃያ ባይት ለመላክ ይህን ሁሉ መመላለስ ባትሪ ይጨርሳል። በአንድ ታወር ሥር ብዙ ሺህ ቆጣሪ ካለ ኔትወርኩም በሰላምታ ብቻ ይጨናነቃል።

መፍትሔው ጉዳዩን ከሰላምታው ጋር አብሮ መናገር ነው። በሚስኮል ያደግን ሰዎች ይሄ አይገርመንም። «ስደርስ ሚስኮል አደርግልሃለሁ» ስንባባል፣ መስመር ሳይከፈትና ሳንቲም ሳይቆረጥ መልእክት እያስተላለፍን ነበር።

ሐሳቡ የ5ጂ ነው?

አይደለም። ክርክሩ የሚከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሞባይል ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ የሚባለው ኅብረት ነው፤ የተቋቋመው 1998 ላይ ነው። ሥራውን «ሪሊዝ» በሚላቸው ዙሮች ያወጣል። 2016 ላይ በሪሊዝ 13 ኤንቢ-አይኦቲ መጣ። ለቆጣሪና ለሴንሰር የተሠራ ነው፤ ትንሽ ዳታን በመቆጣጠሪያ መልእክት ውስጥ ሸጉጦ ይልካል። የቆመን ግንኙነት ከዜሮ ሳይጀምሩ መቀጠልም ያኔ ተፈቀደ። 2018 ላይ በሪሊዝ 15 ኢዲቲ ተጨመረ፤ ዳታው በዚያ ሦስተኛ መልእክት ላይ ተሳፍሮ እንዲሄድ ፈቀደ፣ እስከ 1000 ቢት ድረስ። በዚያው ሪሊዝ 5ጂ አዲስ ሁኔታ ይዞ መጣ። እኔ «ማሸለብ» እለዋለሁ፤ ስልኩ ያርፋል፣ ኔትወርኩ ግን መዝገቡን አይጥልም። በሪሊዝ 16፣ 2020 ላይ፣ መሣሪያው አስቀድሞ በተመደበለት ጊዜና ድግግሞሽ ሳይጠይቅ እንዲልክ የሚያደርገው ፒዩአር ተከተለ።

ኤስዲቲ የሚባለው የ5ጂ «ጥቂት ዳታ» የመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሥራ ዕቅዱ የጸደቀው በዲሴምበር 2019፣ ስፔን ሲትጀስ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ያለቀው በሪሊዝ 17፣ 2022 ላይ። ሁለት መንገድ አለው፦ ከሰላምታው ጋር መላክ፣ ወይም ቀድሞ በተመደበ ቦታ መላክ። ሁለቱም አጎት አላቸው፣ ኢዲቲና ፒዩአር።

ታዲያ «ግልጽ ነገር ነው» የሚባለው በምን ሕግ ነው?

በአሜሪካ የፓተንት ሕግ አንቀጽ 103 ነው። አንድ ፈጠራ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ማመልከቻው በገባበት ቀን የነበረ መካከለኛ ችሎታ ያለው የሙያው ሰው፣ የነበረውን እውቀት ይዞ «ይሄማ ግልጽ ነው» የሚለው ከሆነ ፓተንት አይገባውም።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። 1851 ላይ የበር እጀታ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እጀታውን ከብረት ወይም ከእንጨት ፈንታ ከሸክላ መሥራት የጎበዝ ባለሙያ ሥራ እንጂ የፈጣሪ አይደለም ተባለ። 1966 ላይ፣ ግራም ከጆን ዲር በተሟገቱበት ጉዳይ፣ አሠራሩ ተበጀለት። የነበረው እውቀት ምን ነበር? ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? የባለሙያው ደረጃስ? ከዚያ ደግሞ የገበያ ስኬትንና የሌሎችን መክሸፍ የመሰሉ ተጨማሪ ምልክቶች ይታያሉ።

2007 ላይ የመጣው የኬኤስአርና የቴሌፍሌክስ ጉዳይ ስለ መኪና ነዳጅ ፔዳል ነበር። የሚስተካከል ፔዳል ነበረ፣ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰርም ነበረ፤ አንዱን ከሌላው ማጋጠም ፓተንት አያሰጥም ተባለ። ከዚያ በፊት «እነዚህን ሁለት ነገሮች አዋህድ የሚል ጽሑፍ አምጣ» የሚል ድርቅ ያለ አሠራር ነበር። ፍርድ ቤቱ አላላው። የሙያው ሰው ተራ የፈጠራ ችሎታ ያለው ሰው ነው እንጂ የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ማሽን አይደለም አለ።

ይህ «መካከለኛ ባለሙያ» ማን ነው?

የለም። የሕግ ልብ ወለድ ነው። በዓለም ላይ የታተመውን የሙያውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቧል፣ እንቅልፍ አያውቅም፣ ሐሳቡ ግን የመካከለኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሥራ ባልደረባዬ ቢሆን ደስታዬ ነበር።

እስቲ አንድ ክሌም አሳየን።

ክሌም ማለት በፓተንቱ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ባለቤቱ «ይህ የኔ ነው» ብሎ ድንበር የሚያበጅበት ዓረፍተ ነገር ነው። ክርክሩ በርዕሱ ወይም በሥዕሉ ላይ አይደለም፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ለማሳያ አንድ ራሴ ልጻፍ። ማመልከቻው 2020 አጋማሽ ላይ ገባ እንበል።

«ያሸለበ መሣሪያ፤ ከታወሩ የመጠን ገደብ የሚቀበል፤ ሊልክ ያለውን ዳታ ከገደቡ ጋር የሚያነጻጽር፤ ዳታው ከገደቡ ካነሰና የሲግናሉ ጥንካሬ ከሌላ ገደብ ካለፈ፣ ዳታውን «ግንኙነቴን ቀጥልልኝ» ከሚለው መልእክት ጋር አብሮ የሚልክ፤ አለዚያ በተለመደው መንገድ የሚገናኝ።»

አሁን ቆራርጠን እንየው። ታወሩ የመጠን ገደብ ማሳወቁ፣ መሣሪያውም ዳታውን ከዚያ ጋር ማነጻጸሩ በኢዲቲ ነበረ። ዳታን ከ«ቀጥልልኝ» ጋር መላክም እዚያው ነበረ። በሲግናል ጥንካሬ መንገድ መምረጥ በ4ጂ ዘመን የተለመደ ነው። ካልሆነ ወደ ተለመደው መንገድ መመለስ ለማንም የሚመጣ ነገር ነው። የቀረው «ያሸለበ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ኢዲቲ የ4ጂ ነበር፤ ማሸለብ የ5ጂ ነው።

ታዲያ የሙያው ሰው ኢዲቲን ወደ 5ጂ ማሸለብ ለማምጣት ምክንያት ነበረው ወይ? እዚህ ላይ ክሌሙን የሚጥለው የዲሴምበር 2019ኙ የሥራ ዕቅድ ራሱ ነው። ባሸለበ መሣሪያ ጥቂት ዳታ እንላክ፣ በሰላምታው በኩልና ቀድሞ በተመደበ ቦታ በኩል ይሁን ይላል። ማመልከቻው ከመግባቱ ከወራት በፊት የቤት ሥራው በአደባባይ ተሰጥቷል። እኔ ዳኛ ብሆን ይህን ክሌም አላሳልፈውም።

ክሌሙ ግን እንዲህ ቢቀጥልስ? «…ዳታውን እየላከ ሳለ በዚህ አጭር መንገድ እንዲሄድ ያልተፈቀደ ሌላ ዳታ ቢመጣ…» ለምሳሌ ስልኩ «አለሁ» እያለ ሳለ ባለቤቱ መደወል ጀመረ። መሣሪያው ምን ያድርግ? የጀመረውን ጥሎ እንደ አዲስ ይጠይቅ? ወይስ በተከፈተው አጭር መንገድ «ሌላም አለኝ» ይበል? ይህ ጥያቄ ደረጃው ሲረቀቅ እውነተኛ ክርክር ነበር፤ ያሸነፈው ሁለተኛው ነው።

አሁን ነገሩ ይከብዳል። ከኬኤስአር ወዲህ፣ የታወቁት አማራጮች ጥቂት ከሆኑና ውጤታቸው አስቀድሞ የሚገመት ከሆነ አንዱን መሞከር ግልጽ ነው ይባላል። ፓተንቱን የሚያጠቃው ወገን «ሁለት መንገድ ነበር፣ አንዱን መረጠ፣ በቃ» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «ችግሩን ራሱን ማን አይቶት ነበር?» ይላል። ችግሩን ማየት አንዳንዴ የፈጠራው ግማሽ ነው። ከማመልከቻው በፊት 3ጂፒፒ ላይ በተጫኑ የስብሰባ ሰነዶች ውስጥ ችግሩ ተነስቶ ከተገኘ ባለቤቱ ይሸነፋል። ካልተገኘ ተስፋ አለው።

ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ማዋሃድ በቂ ምክንያት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። ባለፓተንቶች «ባትሪ መቆጠብ የማይፈልግ ማን አለ? ይሄ ጥቅል ምክንያት ነው» ይላሉ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን 2006 ላይ በዳይስታር ጉዳይ (የጨርቅ ማቅለሚያ ክርክር ነበር!) የተሻለ ጠንካራ፣ ርካሽ፣ ፈጣን፣ ቀላል፣ ቆጣቢ ነገር ለመሥራት መፈለግ በራሱ ሁለት ነገሮችን ለማዋሃድ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብሏል። በዲሴምበር 2021 ኢንቴልና ኳልኮም ሲሟገቱም፣ ኃይል መቆጠብን የመሰለ ምክንያት ሁሉ ቦታ ስለሚሠራ ብቻ አይጣልም አለ።

ይህ ማለት ግን ባለሙያ ምስክሩ «ባትሪ ይቆጥባል» ብሎ እግሩን አጣምሮ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ይህ ሰነድ ከዚያ ሰነድ ጋር እንዴት እንደሚገጥምና ለምን ይሠራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ማስረዳት አለበት። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የስብሰባ ሰነድ እንደ ቀዳሚ እውቀት (ከማመልከቻው በፊት እንደነበረ እውቀት) ይቆጠራል?

በዚህ መስክ ዋናው መሣሪያ እሱ ነው። የ3ጂፒፒ አባል ኩባንያዎች ከየስብሰባው በፊት ሐሳባቸውን ጽፈው ማንም ሊያወርደው በሚችል ሰርቨር ላይ ይጭናሉ። የሬዲዮውን ደንብ የሚያወጣው ቡድን ሰነዶች ቁጥራቸው የሚጀምረው በዓመቱ ሁለት አሃዝ ነው። የ2020 ከሆነ 20 ይላል። ኤስዲቲ በተረቀቀበት ዘመን ደግሞ ኮቪድ ስለነበር ስብሰባው በኢሜይልና በኢንተርኔት ሆነ። በቡና ሰዓት ኮሪደር ላይ ይባል የነበረው ሁሉ ተጽፎ ቀረ። ለጠበቃ ሠርግና ምላሽ ነው።

ሰነዱ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። በጊዜው ለሕዝብ የሚገኝ መሆን አለበት። 2019 ላይ ሳምሰንግ ከኢንፎብሪጅ ጋር በተሟገተበት ጉዳይ የቪዲዮ ደረጃ ረቂቅ ነበር የቀረበው። ረቂቁ በስብሰባ ታይቷል፣ ድረ ገጽ ላይ ተጭኗል፣ ለኢሜይል ዝርዝር አባላትም ተልኳል። ፍርድ ቤቱ ስብሰባውንና ድረ ገጹን በቂ አላደረጋቸውም። የኢሜይሉን ግን እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው። መለኪያው «ማን በትክክል ደረሰው?» ሳይሆን «የሙያው ሰው በተገቢ ትጋት ቢፈልግ ሊያገኘው ይችል ነበር ወይ?» ነው።

ኩባንያው በራሱ ሰነድ ሊጠለፍ ይችላል?

አውሮፓ ውስጥ፣ አዎ፣ ያለ ርኅራኄ። ሰነዱን ሰኞ ጭነህ ማመልከቻውን ማክሰኞ ካስገባህ ያለቀለት ነው። አሜሪካ ለፈጣሪው ለራሱ ይፋ ማውጣት የአንድ ዓመት እፎይታ ትሰጣለች። ለዚህ ነው ኩባንያዎች ሰነድ ከመጫናቸው በፊት፣ አንዳንዴ በዋዜማው፣ ጊዜያዊ ማመልከቻ የሚያስገቡት። አምስት ኩባንያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያስገባ ደግሞ የማን ቀን ይቀድማል የሚለው ፀጉር ስንጠቃ ይሆናል።

ደረጃው ውስጥ መግባቱ ግልጽ ላለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም?

አይሆንም። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ኩባንያዎች «ይህ ፓተንቴ ለደረጃው አስፈላጊ ነው» ብለው ኢትሲ በሚባለው የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃ ተቋም ያስመዘግባሉ። ኢትሲ ይመዘግባል እንጂ ፓተንቱ ይጸናል አይጸናም ብሎ አይመረምርም። ሚሊዮን ስልክ መሸጡም ብቻውን አያድንም። ስልኩ የተሸጠው በዚህ ክሌም ምክንያት ነው ወይስ 5ጂ ስለሆነ? ባለቤቱ ግንኙነቱን ማሳየት አለበት፤ ደረጃ ላይ ያለ ነገር ሲሆን ደግሞ ይህን ማሳየት ቀላል አይደለም።

ክርክሩ የት ይታያል?

በፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ወይም በፓተንት ቢሮው የዳኞች ቦርድ ፊት። ቦርዱ የሚያየው ሥርዓት 2011 ላይ በወጣ ሕግ መጥቶ በሴፕቴምበር 2012 ሥራ ጀመረ። ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ። የሚታዩት ፓተንቶችና የታተሙ ጽሑፎች ብቻ ናቸው። የተከሰሰ ሰው የክሱ መጥሪያ ከደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ጉዳዩ ከተከፈተ በኋላ ውሳኔው በተለምዶ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሰጣል።

ተከሳሾች ቦርዱን የሚወዱበት ምክንያት አለ። ፍርድ ቤት ፓተንት ለማፍረስ «ግልጽና አሳማኝ» ማስረጃ ይጠይቃል፤ 2011 ላይ በማይክሮሶፍትና አይፎርአይ ጉዳይ ይኸው ጸንቷል። ቦርዱ ዘንድ ግን ሚዛኑ ትንሽ ወደ አንተ ካጋደለ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ እውነተኛ ጉዳይ አለ?

የፓተንት ባለቤቱ ሲስቬል ከሲየራ ዋየርለስ ጋር የተሟገተበት፣ ሴፕቴምበር 2023። ፓተንቶቹ ታወር የግንኙነት ጥያቄ ሲከለክል በክልከላ መልእክቱ ውስጥ ስለ ድግግሞሽ መረጃ ስለመስጠት ነበሩ፤ መሣሪያው በዚያ ተመርቶ ሌላ ቦታ ይሞክራል። ቦርዱ ፓተንቶቹን በቀዳሚ እውቀት ጣላቸው። ሲስቬል «የክልከላ መልእክት» የሚለው ሐረግ የሁለት የኔትወርክ ዓይነቶችን መልእክት ብቻ እንዲመለከት ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ሐረጉ ተራ ትርጉሙን ይዟል፣ አላጠበውም አለና ውሳኔውን አጸና።

ይህን ጉዳይ የምወደው ስስትን ስለሚያሳይ ነው። ክሌምህን ሰፊ አድርገህ ብትጽፈው ብዙ ሰው ትከስበታለህ። ሰፊ መረብ ግን የድሮ ሰነዶችንም ይይዛል።

እኔ ሳየው ሁሉም ግልጽ ይመስለኛል። ለምን?

እንቆቅልህ! ምን አውቅልህ? መልሱን የማታውቅ ከሆነ አገር ስጠኝ ትባላለህ፣ አገር ትሰጣለህ፣ ከዚያ መልሱ ይነገርሃል። ወዲያው «ይሄማ ቀላል ነበር!» ትላለህ። አገሩን ግን ሰጥተሃል።

የፓተንት ሕግም ይህን ስህተት ይፈራዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍረድ ይባላል። ፍተሻው ቀላል ነው። ክሌሙን ሸፍነው። ከቀኑ በፊት የነበሩትን ሰነዶች ብቻ ያዝ። ከነሱ ተነስተህ ያለ ካርታ እዚያ ትደርሳለህ? የማሳያዬን የመጀመሪያ ክሌም በዚህ ብትፈትነው ይወድቃል፣ ምክንያቱም የሥራ ዕቅዱ ካርታ ነበር።

አውሮፓና ኢትዮጵያስ?

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መንገዱ የተለየ ነው። በጣም ቅርቡን ቀዳሚ ሰነድ ይመርጣል፣ ልዩነቱ የሚፈታውን ቴክኒካዊ ችግር ይቀርጻል፣ ከዚያ «ባለሙያው ይህን ማድረግ ይችል ነበር» ሳይሆን «ያደርገው ነበር» ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፓተንት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወራት ማንም ሊቃወም ይችላል።

የኛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ እንዲሆን ይጠይቃል። ጥበቃው 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ ከዋለ በ5 ይራዘማል። ደስ የሚለው ግን «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለው ክፍል ነው። አዲስና በኢንዱስትሪ የሚሠራበት ከሆነ ይበቃዋል፤ የግልጽነት ፈተናው አይጠየቅም። ለቆጣሪ ወይም ለመስኖ ሴንሰር የሚሆን ትንሽ መላ ያለው የአገራችን ወጣት ይህን በር ቢያይ ጥሩ ነው።

የራሴ ሐሳብ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ጠበቃ ጋር ከመሄድህ በፊት የ3ጂፒፒን ሰርቨር ክፈት፤ ነጻ ነው። ከ2016 ጀምሮ ያለውን የኤንቢ-አይኦቲ ሰነድ ሳታይ 5ጂውን አትጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዲሱን ብቻ ፈልጎ ነው። ተቀባይነት ያገኙትን ብቻ ሳይሆን ውድቅ የተደረጉትንም ሰነዶች አንብብ፤ ተቀባይነት ያላገኘ ሐሳብም ቀዳሚ እውቀት ነው። ከዚያ ሐሳብህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍና እያንዳንዱን ቃል የት እንዳየኸው በጎኑ ምልክት አድርግ። ምልክት ያጣ ቃል ከተረፈህ፣ ስለ እሱ ቃል እናውራ።